ሳይገነባ የተሸጠ ባሕር፦ የዱባይ ደሴቶችና የ2009 የዕዳ ቀውስ

ኖቬምበር 25 ቀን 2009፣ የዓረፋ በዓል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የዱባይ መንግሥት አንድ አጭር መግለጫ አወጣ። መግለጫው ዱባይ ወርልድ የተባለው የመንግሥት ኩባንያና በሥሩ ያለው ናኪል የተባለው የሪል እስቴት ድርጅት፣ አበዳሪዎቻቸው እስከ ሜይ 30 ቀን 2010 ድረስ ክፍያ ሳይጠይቁ እንዲታገሷቸው የሚጠይቅ ነበር። ዱባይ ወርልድ በዚያን ጊዜ የተሸከመው ጠቅላላ ዕዳና ግዴታ 59 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ናኪል ደግሞ በባሕር ላይ በዘንባባ ቅርጽ ደሴት የሠራና ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር በፊት ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ አቆማለሁ ብሎ ያወጀ ድርጅት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህች ከተማ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የሕንፃው ቁመትና የሆቴሉ ድምቀት ነው። በእኔ እምነት ግን መመርመር ያለበት ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል እንደመጣ ነው። ደሴቶቹ ከመሠራታቸው በፊት ተሸጡ፤ የተሸጡበት ገንዘብ ሌላ ደሴት ማስጀመሪያ ሆነ፤ የጎደለው በአጭር ጊዜ ብድር ተሞላ፤ አበዳሪው ደግሞ ያበደረው የማይታይ ዋስ ከጀርባ አለ ብሎ በመገመት ነበር። ትርፉም፣ ውድቀቱም፣ ከተማዋ ዛሬም የምትታገላቸው ጉድለቶችም ከዚህ ቅደም ተከተል የመነጩ ናቸው።

ነዳጁ የማን ነበር?

ዱባይን በነዳጅ የከበረች ከተማ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ቢሆንም ይህ ከፊል እውነት ነው። ነዳጅ የተገኘው በ1966 ፋተህ በተባለው የባሕር ውስጥ ጉድጓድ ሲሆን ወደ ውጭ መላክ የተጀመረው በ1969 ነው። ምርቱ በ1991 በቀን 410 ሺህ በርሜል ገደማ ላይ ደርሶ ከዚያ ወዲህ ማሽቆልቆል ጀመረ። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የነዳጅ ክምችት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የፌዴሬሽኑ ሌላ አባል በሆነችው በአቡ ዳቢ እጅ ነው። ስለዚህ የዱባይ ገዢዎች ከመጀመሪያውም ነዳጃቸው አላቂ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ልዩ ልዩ ሥራዎቻቸውም ከዚህ እውቀት የተነሡ ናቸው።

ከ1958 ጀምሮ ከተማዋን የገዙት ሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ አል ማክቱም ነዳጅ ከመገኘቱ ከዓመታት በፊት በአብዛኛው ከኩዌት በተገኘ ብድር የዱባይን የባሕር ሰርጥ አስቆፍረው ትልልቅ የንግድ ጀልባዎች እንዲገቡበት አደረጉ። በ1972 ራሺድ ወደብ ተከፈተ፤ በ1979 ደግሞ ከከተማው በእጅጉ ርቆ፣ በባዶ በረሃ ዳር፣ የጀበል አሊ ወደብ ተመረቀ። በዚያው ዓመት 39 ፎቅ ያለው የዓለም የንግድ ማዕከል ዙሪያው አሸዋ በሆነ ቦታ ላይ ቆመ። እያንዳንዳቸው በጊዜያቸው ከአቅም በላይ ናቸው ተብለዋል፤ እያንዳንዳቸውም ውለው አድረው ተጠራጣሪዎቹን አሳፍረዋል። በ1985 ነፃ የንግድ ቀጣናና ኤምሬትስ አየር መንገድ ሲታከሉባቸው ከተማዋ የቀጣናው የንግድ መናኸሪያ ሆነች።

ይህ ታሪክ ለኋለኛው ስህተት መነሻ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ «አይሆንም» የተባለው ሁሉ ሲሆን ያየ አስተዳደር፣ አይሆንም የሚለውን ሰው መስማት ይተዋል። ነገር ግን በወደብና በቪላ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ወደብ መርከብ በመጣ ቁጥር ገቢ ያስገባል፤ የተበደረውንም በራሱ ገቢ ይከፍላል። ቪላ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። ሻጩ በሚቀጥለው ዓመትም ገቢ እንዲኖረው ሌላ ቪላ መሸጥ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ መሬት ያስፈልጋል፤ የባሕር ዳር መሬት ካለቀ ባሕሩን መሙላት ግድ ይላል።

ዘንባባው

የዱባይ የተፈጥሮ የባሕር ዳርቻ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ1999 መጨረሻ ከዳርቻው 280 ሜትር ራቅ ብሎ በተሠራ ትንሽ ደሴት ላይ 321 ሜትር ርዝመት ያለው ቡርጅ አል ዓረብ ሆቴል ሲከፈት፣ በባሕር ላይ መገንባት እንደሚቻልና ዓለምን እንደሚስብ ታየ። ፓልም ጁሜራ የተባለው የዘንባባ ቅርጽ ደሴት ሥራ በ2001 ተጀመረ። ቅርጹ ለጌጥ ብቻ የተመረጠ አልነበረም። ዲያሜትሩ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ደሴት ቢሠራ የሚገኘው የባሕር ዳር ከ16 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ያንኑ ስፋት በግንድና በ17 ቅርንጫፎች ከፋፍሎ መሥራት ግን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ ዳርቻ ይፈጥራል። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ቪላ ጓሮው ባሕር ይሆናል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይተመናል። ሰማይ ላይ ሆኖ ለሚያየው ዘንባባ የሚመስለው ነገር በመሠረቱ የሽያጭ ስሌት ነው።

ሥራውን ያከናወነው ቫን ኦርድ የተባለው የኔዘርላንድስ ድርጅት ነበር። በረሃ ውስጥ ያለች ከተማ ለደሴቷ አሸዋ ከባሕር ወለል ማውጣቷ ብዙ ሰው የሚያስገርም ነገር ነው፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የበረሃ አሸዋ ነፋስ ለዘመናት ሲያንከባልለው የኖረ በመሆኑ ቅንጣቱ ክብና ልሙጥ ነው፤ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ ውኃ ውስጥም ቶሎ ይናዳል። ስለዚህ መርከቦች ከባሕሩ ወለል ሸካራውን አሸዋ እየመጠጡ ወደ ቦታው ይመጡና ከአፍንጫቸው ከውኃ ጋር ወደ ሰማይ ይተፉታል፤ አሸዋው በአየር ላይ እንደ ቀስተ ደመና ታጥፎ ይወርዳል። የወረደው ክምር የት እንደደረሰ በሳተላይት መለኪያ እየተለካ፣ ከመስመሩ ወጣ ያለው እየተስተካከለ፣ ቅርንጫፉ ቀስ በቀስ ከውኃ በላይ ብቅ ይላል። በዚህ ሁኔታ 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ፈሰሰ። ማዕበሉን ለመከላከል ደግሞ 7 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ ከኤምሬትስ ተራሮች ተፈልጦ መጥቶ 11 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግማሽ ጨረቃ መሰል ግድብ ተደረደረበት። ልቅ የሆነው አሸዋ ቤት እንዲሸከም ረጃጅም ነዛሪ ዘንጎች እየተቀበሩበት ተጠቀጠቀ። ግድቡ ውስጥ የታጠረው ውኃ እንዳይቆምና እንዳይሸት በግድቡ ላይ ክፍተቶች ተተዉለት።

እንደ ምህንድስና ሥራ ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሊክደው የሚገባ ሰው ያለም አይመስለኝም። ደሴቱ ቆሟል፣ ሰው ይኖርበታል፣ መንገድና ባቡር አለው። ጥያቄው አንዱ ሳይጠናቀቅ ሌሎቹ በምን ተማምነው ተጀመሩ የሚለው ነው። በ2002 ከመጀመሪያው በእጅጉ የሚበልጠው ፓልም ጀበል አሊ ተጀመረ። በ2003 የዓለምን ካርታ የሚመስሉ 300 ደሴቶች ያሉት «ዘ ወርልድ» ይፋ ሆነ፤ እሱ ብቻውን 320 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ፈጀ። በ2004 ደግሞ ሦስተኛው ዘንባባ፣ ፓልም ዴይራ፣ ታወጀ። በፓልም ጁሜራ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ቤታቸው የገቡት ከዚህ ሁሉ አዋጅ ከዓመታት በኋላ ነው።

ቀብድ፣ አየር በአየር እና ብድር

ለዚህ ሁሉ በሩን የከፈተው በ2002 የወጣ ውሳኔ ነው። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ የውጭ አገር ዜጎች በተመረጡ ቦታዎች ቤት በሙሉ ባለቤትነት እንዲገዙ ፈቀዱ። ባለቤትነቱን በሕግ ያጸናው የመሬት ምዝገባ ሕግ የወጣው ግን በ2006 ነው። በመካከል ባሉት አራት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕግ ሳይወጣ፣ መሬቱ ከባሕር ሳይወጣ፣ በካርታ ላይ የታየ ቤት ገዙ።

አገዛዙ እንዲህ ነበር። ገዢው ከዋጋው አሥር በመቶ ገደማ ቀብድ ይከፍላል፤ የቀረውን ግንባታው በተራመደ ቁጥር ሊከፍል ይፈራረማል። ዋጋው በየወሩ ስለሚጨምር ግን ብዙው ገዢ ሁለተኛው ክፍያ ሳይደርስበት ውሉን ለሌላ ሰው በትርፍ ያስተላልፋል፤ ያኛውም እንደዚሁ ለሦስተኛ ሰው። በእኛ አገር አየር በአየር የሚባለው ንግድ በዱባይ የሽያጭ አዳራሾች ውስጥ ወረፋ እየተያዘ ሲካሄድ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቤቱ ውስጥ ሊኖር ያሰበ አንድም ሰው ላይኖር የሚችል መሆኑ ነው። ለአልሚው ድርጅት ግን ሁሉም «ሽያጭ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሽያጩም ለባንክ ማሳያ ይሆናል።

ነዳጁ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን የሠራው እዚህ ላይ ነው። የነዳጅ ዋጋ በጁላይ 2008 በበርሜል 147 ዶላር እስኪደርስ ድረስ ሲወጣ የጎረቤት አገሮች ገንዘብ ወደ ዱባይ ጎረፈ። የአገሪቱ ድርሃም ከዶላር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ አሜሪካ በ2007 መጨረሻ ወለዷን መቀነስ ስትጀምር ኤምሬትስም ተከትላ መቀነስ ነበረባት፤ የአገሪቱ የዋጋ ንረት ግን በ2007 ከ11 በመቶ በላይ ነበር። ወለድ ከዋጋ ንረት በታች ሲሆን መበደር ያተርፋል፣ መቆጠብ ያከስራል። ናኪል ራሱ በዲሴምበር 2006 የ3.52 ቢሊዮን ዶላር ሱኩክ፣ ማለትም በእስልምና ሕግ መሠረት የተዘጋጀ የቦንድ ሰነድ፣ ሸጠ፤ በዘመኑ በዓይነቱ ከፍተኛው ነበር። የመመለሻው ቀን ከሦስት ዓመት በኋላ ተቆረጠ። ገቢ ለማምጣት አሥርና ሃያ ዓመት የሚፈልግ ሥራ በሦስት ዓመት ብድር ሲሠራ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚከፈለው በሌላ ብድር ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ብክነት ከወርቅ ቅቡም ከእብነ በረዱም ይልቅ ይህ ውል ነው።

ገዢ ያላገኘው ክፍል

ቪላ ገዢ አለው፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ ግን ገዢ የለውም። በ2008 እና በ2009 ዱባይ በሰፊው የምትመካው በአል አዊር በሚገኘው አንድ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ነበር፤ አዳዲሶቹ ሰፈሮችና የሠራተኛ መኖሪያዎች ብዙዎቹ ከቱቦ ጋር አልተገናኙም ነበር። ስለዚህ የየቤቱ ፍሳሽ በቦቴ መኪና እየተጫነ ይሄዳል። ከማጣሪያው በር ላይ ቦቴዎቹ በበረሃው ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ይሰለፋሉ። ሾፌሩ የሚከፈለው በምልልስ ልክ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሌሊት ጨለማን ተገን አድርጎ የጎርፍ መውረጃ ክዳን ከፍቶ ይደፋበታል። የጎርፍ መውረጃው ደግሞ የሚፈሰው ወደ ጁሜራ ባሕር ነው። በእነዚያ ወራት በዓለም በውድነቱ በሚታወቅ የመዋኛ ዳርቻ ላይ ቆሻሻው ታየ፣ ሽታውም ተሰማ፤ ጉዳዩም ሳይደበቅ በአደባባይ ተዘገበ። ከተማዋ በኋላ በጀበል አሊ ተጨማሪ ማጣሪያ ሠርታ ችግሩን አቃልላለች። ሆኖም ሽያጭ ከመሠረተ ልማት ሲቀድም ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

ሌላው የተዘነጋው ሠራተኛው ነው። አብዛኛው የግንባታ ሠራተኛ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከኔፓል የመጣ ሲሆን መኖሪያው ሶናፑር በመሳሰሉ፣ ከከተማው ዳር ባሉ ካምፖች ውስጥ ነበር። የመጣበት መንገድ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አገሩ ላይ ለደላላ ተበድሮ ይከፍላል፣ እንደደረሰ ፓስፖርቱን ቀጣሪው ይይዝበታል፣ ቪዛው ከቀጣሪው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሥራ መቀየር አይችልም። ማርች 2006 ላይ ኤማር የተባለው ሌላ ድርጅት በሚያስገነባው ረጅም ሕንፃ፣ በቡርጅ ዱባይ፣ ግንባታ የሚሠሩ 2,500 ያህል ሠራተኞች በደሞዝና በአያያዝ ተማርረው ተነሡ፤ መኪናና የቢሮ ዕቃ ሰበሩ፣ ጉዳቱም አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። መንግሥት በበጋ ቀትር ላይ ውጭ መሥራትን የሚከለክል ደንብ ያወጣው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ኤምሬትስ የሄዱት እህቶቻችን በብዛት የተቀጠሩት በቤት ሠራተኝነት ነው፤ በዚያን ዘመን የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ እነሱን ጭራሽ አያካትታቸውም ነበር፤ የቤት ሠራተኞች ሕግ የወጣው በ2017 ነው።

ሁለት ወር ተኩል

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ በኒውዮርክ ከሰረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ናኪል ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሕንፃ ይፋ አደረገ። ኖቬምበር 20 ላይ በፓልም ጁሜራ ጫፍ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የፈጀው አትላንቲስ ሆቴል በታላቅ ድግስ ተመረቀ፤ ድግሱ ብቻ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣበት ተነግሯል፤ ርችቱ ደሴቱን ከዳር እስከ ዳር አበራው። ኖቬምበር 30 ላይ ናኪል 500 ሠራተኞቹን፣ ማለትም ከመቶ አሥራ አምስቱን፣ አሰናበተ። በጃንዋሪ 2009 የዚሁ የናኪል ረጅም ሕንፃ ሥራ ቆመ።

ብድር በዓለም ሲደርቅ መጀመሪያ የጠፋው ሦስተኛው ገዢ ነው። ውሉን የሚረከበው ሰው ሲያጣ ሁለተኛው ገዢ ከራሱ ኪስ መክፈል ነበረበት፤ ለዚያ ግን አልተዘጋጀም። የቤት ዋጋ ከ2008 ጣሪያው ከግማሽ በላይ ወረደ። ቀድሞ ፈርሞ የሰጠው ቼክ በቂ ስንቅ ሳይኖረው ባንክ ከቀረበ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሕግ የሚያስከትለው እስራት ነው፤ ስለዚህ የውጭ ዜጎች ዕዳቸውንና መኪናቸውን ጥለው አገሪቱን ለቀቁ። ሥራቸው የቆመባቸው ተቋራጮች ክፍያ አልደረሳቸውም፤ ተቋራጩ ያልተከፈለው ሠራተኛ ደግሞ አገሩ ላይ ያለው የደላላ ዕዳ ሳያልቅ በአውሮፕላን ተመለሰ። የመንግሥት ኩባንያ ዕዳውን የሚያሸጋሽግለት ኮሚቴ አገኘ፤ የቀን ሠራተኛው ዕዳ ግን የሚያሸጋሽግለት ማንም አልነበረም። ይህን ልዩነት እንደ ዝርዝር ጉዳይ አልቆጥረውም።

አበዳሪዎቹ እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያስቡት ዱባይ ባትችል አቡ ዳቢ ትከፍላለች ብለው ነበር። የኖቬምበር 25ቱ መግለጫ ያስደነገጣቸው ለዚህ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ የዱባይ የፋይናንስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ዱባይ ወርልድ ራሱን የቻለ ኩባንያ መሆኑን፣ መንግሥት ለዕዳው ዋስ እንዳልገባና አበዳሪዎችም የድርሻቸውን ኃላፊነት ሊወስዱ እንደሚገባ በግልጽ ተናገሩ። በሕግ ዓይን ትክክል ነበሩ፤ የብድር ውሎቹ የመንግሥት ዋስትና አልነበራቸውም። ነገር ግን ያው መንግሥት ለዓመታት የኩባንያውን ሥራ የራሱ ራእይ አድርጎ ሲያቀርብ ስለነበር፣ አበዳሪው ዋስትናውን ቢገምት ያለ ምክንያት ነው ለማለት ይከብዳል።

ዲሴምበር 14 ቀን 2009፣ የናኪል ሱኩክ በሚከፈልበት ዕለት ጠዋት፣ አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር መስጠቷ ተነገረ፤ ከዚህ ውስጥ 4.1 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለሱኩኩ ዋለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2010፣ 828 ሜትር የሚረዝመው ሕንፃ ሲመረቅ ቡርጅ ዱባይ የሚለው ስሙ ተነሥቶ በአቡ ዳቢው ገዢና በአገሪቱ ፕሬዚዳንት በሼክ ኸሊፋ ቢን ዛይድ ስም ቡርጅ ኸሊፋ ተባለ።

ከዚያ በኋላ

የዱባይ ወርልድ 24.9 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ከአበዳሪዎች ጋር በተደረገ ስምምነት ወደ ፊት ተሸጋሸገ፤ የመጨረሻው ፊርማ በማርች 2011 ተፈረመ። ናኪል ከዱባይ ወርልድ ተነጥሎ በቀጥታ በመንግሥት ሥር ገባ። ለተቋራጮችና ለአቅራቢዎች የመጀመሪያዎቹ 500 ሺህ ድርሃሞች በጥሬ ገንዘብ ተከፈሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው 40 በመቶ በጥሬ ገንዘብ፣ 60 በመቶ ደግሞ በ2016 በሚመለስ ሱኩክ ተሰጣቸው። ትንንሾቹን አቅራቢዎች ያስቀደመው ይህ አከፋፈል ከጠቅላላው ሂደት በጥሩነቱ ሊጠቀስ የሚገባ ነው። ሥራቸው በቆመ ደሴቶች ላይ ቤት የገዙ ሰዎች ደግሞ የከፈሉት ገንዘብ ወደ ሌሎች፣ ሊያልቁ ወደተቃረቡ ቤቶች እንዲዛወርላቸው ተደረገ፤ የባሕር ዳር ቪላ የገዛ ሰው ሌላ ነገር ተቀበለ ማለት ነው። ናኪል ከዚያ በኋላ የባንክ ዕዳውን በ2014 ከጊዜው አስቀድሞ፣ ሱኩኩን ደግሞ በ2016 ከፍሎ ጨረሰ።

በ2007 የወጣው ሕግ ቁጥር 8 አልሚዎች የገዢን ገንዘብ ለየፕሮጀክቱ በተከፈተ የተለየ የባንክ ሒሳብ ውስጥ እንዲያስቀምጡና ከዚያ ግንባታ ውጭ እንዳያውሉት ያስገድዳል። የደሴቶቹን ችግር ከሥሩ የሚነካው ድንጋጌ ይህ ነው፤ የወጣው ግን አብዛኛው ሽያጭ ከተፈጸመ በኋላ ነበር። ከመገንባት በፊት የመሸጡ አሠራር ራሱ ከዱባይ አልፎ ብዙ አገር ደርሷል። ቡርጅ ኸሊፋን ያስገነባው የኤማር መሥራች መሐመድ አላባር የሚመሩት ኢግል ሂልስ በአዲስ አበባ ለገሃር የጀመረው ሰፊ ግንባታ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ2018 ነው፤ ቤቶቹም ከማለቃቸው በፊት ለሽያጭ ቀርበዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወገኖቻችንም ባጠራቀሙት ገንዘብ አገር ቤት ላልተሠራ አፓርታማ ቀብድ እየከፈሉ ነው፤ የከፈሉት ገንዘብ በየትኛው ሒሳብ እንደሚቀመጥና ለየትኛው ሕንፃ እንደሚውል መጠየቅ ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄያቸው ሊሆን ይገባል።

የ«ዘ ወርልድ» ደሴቶች አሸዋቸው ፈስሶ ያለቀው በጃንዋሪ 2008 ቢሆንም ከጥቂቶቹ በቀር ዛሬም ባዶ ናቸው። ፓልም ዴይራ ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ የዱባይ ደሴቶች ተብሏል። ፓልም ጀበል አሊ ከአሥር ዓመት በላይ ተትቶ ከቆየ በኋላ በ2023 አዲስ ዕቅድ ጸድቆለት ቪላዎቹ እንደገና ለገበያ ቀርበዋል። ናኪል በማርች 2024 ዱባይ ሆልዲንግ በተባለው ኩባንያ ውስጥ እንዲጠቃለል የተወሰነ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ለፓልም ጀበል አሊ ቀሪ የባሕር ሥራ ከቤልጂየም ድርጅት ጋር ውል ተፈርሞ አሸዋ የማፍሰሱ ሥራ እንደገና ቀጠለ።